ሁሉንም ለዳውን ሲንድሮም አንስጠው

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ ወላጆች፣ የጤና ባለሙያዎችና መምህራን፤

ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሕፃን ዘግይቶ ሲቀመጥ ወይም ስሙ ሲጠራ ዞር ሳይል ሲቀር፣ አብዛኞቻችን ሌላ ምክንያት ሳንፈልግ ነገሩን በቀጥታ ለዳውን ሲንድሮሙ እንሰጠዋለን። ይህ ልማድ ልጆችን እየጎዳ ነው፤ የመጣሁትም ይህንኑ ለማለት ነው።

ዳውን ሲንድሮም የሚመጣው ዘረመልን ከሚይዙት ክሮሞዞሞች የ21ኛው ትርፍ ቅጂ ሲኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የታወቀውን ይህን ትርፍ ቅጂ ከልጁ አካል ማስወገድ እስካሁን አልተቻለም። ከእሱ ጋር የሚመጡት ሕመሞች ግን በአብዛኛው ይታከማሉ። ከእነዚህ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልብ አፈጣጠር ችግር ጋር ስለሚወለዱ፣ ሐኪሙ በማዳመጫው ምንም ባይሰማም የልብ አልትራሳውንድ ሊደረግላቸው ይገባል። በአንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስም ሕፃኑን ያዳክመዋል፣ እድገቱንም ያጓትታል፤ ሆኖም በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በየቀኑ በሚወሰድ መድኃኒትም ይስተካከላል። ምርመራው ሲወለድ፣ በ6 ወሩ፣ ዓመት ሲሞላው፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደረጋል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ጆሮ ነው። የጆሯቸው ቱቦ ጠባብ በመሆኑ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ በቀላሉ ይጠራቀማል፤ ብዙ ጊዜ ስለማያም ልጁ አያለቅስም፣ ድምፅ ግን ታፍኖ ይደርሰዋል። ቃላት የሚለቀሙበት ዕድሜ በዚህ ሁኔታ ካለፈ በኋላ «አይገባውም» ብሎ መፍረድ ግፍ ነው። ሲወለድ የተደረገ አንድ ምርመራ አይበቃም፤ በየ6 ወሩ ይታይ።

እነዚህ ልጆች የሚረዱት ከሚናገሩት ይበልጣል፤ በጆሮ ብቻ ከሰሙት ይልቅም በዓይናቸው ያዩትን ይይዛሉ። ስለዚህ ፊት ለፊት ሆኖ አጭር ቃል ከእጅ ምልክት ጋር መናገር፣ ከዚያም መታገሥ ያስፈልጋል። ምልክቱ አንደበታቸውን ያስረዋል የሚል ስጋት በወላጆች ዘንድ ይነሣል፤ የሚታየው ግን ቃሉ ሲመጣ ምልክቱ በራሱ እየቀረ መሄዱ ነው። መታገሡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእኛ ለአዋቂዎቹ ከባድ ነው፤ ልጁ ሊመልስ ሲሞክር ቀድመን እንመልስለታለን።

ጡንቻቸው የላላ በመሆኑ ብዙዎቹ በእግራቸው መሄድ የሚጀምሩት በ2 ዓመት አካባቢ ነው፤ አንዳንዶቹ እስከ 4 ዓመት ይቆያሉ። የፊዚዮቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ዓላማም ቶሎ ማስኬድ ሳይሆን እግርና ወገብ አጉል አቋም እንዳይለምዱ መርዳት ነው።

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ በደከሙ ወላጆች ላይ ረጅም የልምምድ ዝርዝር አትጫኑባቸው፤ ልጁ ሲለብስ፣ ሲታጠብና ሲመገብ ሊሠራ የሚችለውን አሳዩአቸው። የዘረመል ምርመራውን ውጤት በምትነግሯቸው ዕለትም የልብ፣ የጆሮ፣ የዓይንና የታይሮይድ ቀጠሮዎቹን በጽሑፍ ስጧቸው።

አመሰግናለሁ።