አንድ ዝርያ ላይ ብቻ አንተማመን፦ ለስንዴ ዘር አምራች ማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ከምርምርና ከወረዳ ግብርና የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን አደራችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በሌሊት ተነስታችሁ ከሩቅ ቀበሌ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን ያቀርበዋል፣ ሂሳቡንም ኦዲተሩ፣ ስለዚህ እኔ እነሱን አልነካም። ዛሬ የማወራው ስለ ዋግ፣ ስንዴን ስለሚያጠቃው የፈንገስ በሽታ፣ ብቻ ነው።

ለምን ዘንድሮ ብትሉኝ፣ ዘንድሮ እዚህ አካባቢያችን ጅሩ ላይ ስንዴው ጥሩ ነው፣ ሰውም ደስ ብሎታል፣ ዋግ ደግሞ የሚረሳው እንዲህ ያለ ዓመት ላይ ነው። እስቲ ወደኋላ እንሂድ። እንኮይ የሚባል ስንዴ ነበር፣ ትልልቆቹ ታውቁታላችሁ፣ ብዙ ገበሬ እሱን ነበር የሚያምነው፣ በ1993 እና 94፣ ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ነው፣ የግንድ ዋግ ገባበትና አበቃለት። ቀጥሎ ኩብሳ መጣ። ኩብሳን ያልዘራ ማን አለ? ከዳር እስከ ዳር ኩብሳ ሆነ፣ በ2010 ቢጫ ዋግ ተነሳ፣ በአንድ ክረምት ስንቱን ማሳ ይዞት ሄደ። ከዛ ሁሉም ወደ ዲገሉ ሮጠ፣ ቢጫውን ይችላል ተብሎ፣ እውነትም ይችል ነበር፣ ግን 3 ዓመት ቆይቶ በ2013 መጨረሻ ባሌና አርሲ ላይ አዲስ የግንድ ዋግ መጣና ማጭድ ሳያነሳ የቀረ ገበሬ ሁሉ ነበር። በዛ ሰዓት የሚፈራው እኮ ዩጂ 99 የሚባለው የግንድ ዋግ ዓይነት ነበር፣ ኡጋንዳ ውስጥ በ1998 የተገኘው፣ ዲገሉ ደግሞ እሱን ይቋቋም ነበር። የመታው ማንም ያልጠበቀው ሌላ የዋግ ዓይነት ነው።

ሶስቱም ጊዜ ስንዴው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ጥሩ ስለነበረ ሁላችንም እሱን ብቻ ዘራን፣ በቃ። መቶ ቤት በአንድ ዓይነት ቁልፍ ቆልፎ እንደመተኛት ነው፣ ዋጉ አንዷን መክፈቻ ካገኘ ሌላውን ቤት ለመግባት ምንም አይቸገርም። ዋግ ደግሞ ሁልጊዜ ይለዋወጣል፣ ዱቄቱን ንፋስ ተሸክሞት ከአገር አገር ይሄዳል፣ ጤዛ ካገኘ ቅጠል ላይ ይበቅላል፣ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ ራሱ ሌላ ዱቄት ያወጣል። የናንተ ማሳ ላይ ዛሬ አንድ ጥግ ላይ የታየ ነገር በወሩ የጎረቤት ችግር ነው።

ያላያችሁ ወጣቶች ስላላችሁ ልንገራችሁ። ቢጫው ቅዝቃዜና ጭጋግ ይወዳል፣ ቅጠሉ ላይ በመስመር በመስመር ተደርድሮ ይወጣል፣ በጣት ስትነኩት ቢጫ ዱቄት ይይዛችኋል። የግንዱ ሞቅ ሲል ነው የሚብሰው፣ ግንዱንና የቅጠሉን እቅፍ ቆዳ ቀዶ ይወጣል፣ ስትዳስሱት ይሻክራል፣ እንደዛ ያለ ማሳ ያቋረጠ ሰው ሱሪው ከጉልበቱ በታች ቀልቶ ነው የሚወጣው። ውሃውም ምግቡም ወደላይ አይደርስም፣ ዛላው ከሩቅ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፣ እጃችሁ ላይ ስታሹት ግን ፍሬው ቀጭጮና ተጨማዶ ግማሹ ከገለባው ጋር በትንፋሽ ይበናል። መረሬ መሬት ላይ፣ ውሃ የሚያቁረው ጥቁር አፈር ላይ፣ በእጅ መደብ ሰርቶ፣ ውሃ አጠንፍፎ፣ ማዳበሪያ በብድር ገዝቶ ለደከመ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት መቅረት ማለት ነው፣ በሬ መሸጥ ማለት ነው። ከተማውም አይተርፍም፣ ሩስያና ዩክሬን በ2022 ሲዋጉ የስንዴ ዋጋ በዓለም ላይ ምን እንደሆነ አይተናል፣ እዚህ የጠፋ ስንዴ በውጭ ምንዛሬ ነው የሚተካው።

አሁን ወደኛ ስራ ልምጣ፣ ዘር አምራች ነን፣ እኛ ያባዛነው ነው በየገበሬው ጎተራ የሚገባው። ገዢዎች ዘንድሮ አንድ ዝርያ ብቻ ነው የጠየቁን፣ ዋጋውም ያማልላል፣ እውነት ለመናገር አንዳንድ አባል "የሚሸጠውን እንዝራ፣ ምን አስጨነቀን" ብሎኛል። ሃሳቡን አከብራለሁ ግን አልስማማም። ቦርዱ የሚያቀርበው፣ ለከርሞ ከ3 ያላነሰ ዝርያ እንድናባዛና አንድ አባል ከመሬቱ ግማሽ በላይ በአንድ ዝርያ እንዳይሸፍን ነው። ስማቸው መለያየቱ ብቻ ደግሞ አይበቃም፣ ሶስት ስም ያላቸው ሆነው ዋግ የሚከላከሉበት ጂን፣ ከዘራቸው የወረሱት መከላከያ ማለት ነው፣ አንድ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ከመምረጣችን በፊት ደብረ ብርሃን ምርምርን እንጠይቃለን።

ሌላው፣ ትንሽ ነጠብጣብ ያየንበትን ዝርያ ሁሉ አንጣል። ዋግ እየነካቸውም ቀስ ብለው የሚታመሙ፣ ፍሬያቸውን የሚሞሉ ዝርያዎች አሉ፣ ኪንግበርድ ለምሳሌ በዚህ ይታወቃል፣ ብዙ ጂን ተጋግዞ ስለሚከላከልላቸው ዋጉ ቶሎ አይሰብራቸውም። ቅጠሉ ንጹህ ካልሆነ አልቀበልም የሚለውን ገዢ ማስረዳት የኛ ፋንታ ነው።

ኬሚካል አለ አይደል የምትሉም አላችሁ። አለ፣ ቲልትም ሌላውም ይሰራል፣ ግን በጊዜው ሲረጭ ነው፣ ማሳው ከቀላ በኋላ የሚረጭ ሰው ብሩን ነው የሚረጨው። ስለዚህ ከነሐሴ ጀምሮ በሳምንት አንዴ ማሳችሁ ውስጥ ግቡ፣ ዳሩን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፣ መሃል ገብታችሁ የታችኛውን ቅጠል ገልብጡ፣ አንድ ነገር ካያችሁ ያኑ ቀን ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ልቀቁ፣ ስልክ የሌለው ለቀበሌው ተጠሪ ይንገር። የግብርና ምርምር ሲሚት ከሚባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከልና ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሚሰራው የዋግ ማስጠንቀቂያ ንፋሱንና እርጥበቱን አይቶ አስቀድሞ ይናገራል፣ ግን እሱም የሚሰራው ከማሳ የሚሄድ መረጃ ሲኖር ነው።

ገቦውንም፣ ሳይዘራ የበቀለውን ስንዴ፣ አደራ። ዋግ ህይወት ያለው ተክል ላይ ካልሆነ አይቆይም፣ አሁን ደግሞ በመስኖ ስንዴ ምክንያት በበጋም የሆነ ቦታ አረንጓዴ ስንዴ አለ፣ እኛ ቢያንስ በየድንበሩና በየአውድማው የበቀለውን ከሰኔ በፊት እንንቀል።

የዝርያው ጉዳይ አጀንዳ 3 ላይ ነው፣ እጅ በማውጣት ይወሰናል። የምትቃወሙ በነጻነት ተናገሩ፣ ጊዜ እንሰጣለን። ጉባኤው ተከፍቷል፣ ጸሐፊያችን ወደ መድረክ ይምጡልን።