ክፍል 47፦ እናትህ ናት ሳም ያለችህ?

እሺ። እየቀዳ ነው መሰለኝ። ቀይዋ በርታለች።

ስለ ጭነት አላወራም ዛሬ። ስለዚያ ማቀዝቀዣም አላወራም። አልተሠራም፣ አትጠይቁኝ። ዛሬ ስለ ቤዝቦል ነው። አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል። "ቆመው የሚጠባበቁት ኳስ" እያልኩ ስንት ክፍል ሙሉ ሳሾፍበት የኖርኩት እኔው ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ሌክ ቻርልስ ነበርኩ። ሉዊዚያና። ከሂውስተን ስትመጡ ኢንተርስቴት 10 ላይ ያ ከፍ ያለ ድልድይ አለ፣ አጥሩ ላይ የተጣመሩ የብረት ሽጉጦች የተደረደሩበት። የባሕር ወንበዴ ለማስታወስ ነው ይላሉ። ለወንበዴ ሽጉጥ፣ እሺ። እሱን ሌላ ቀን። ተሻገርኩና ቁርስ ልበላ ቆምኩ።

እንቁላል አዘዝኩ። ሲመጣ፣ ያው ታውቁኛላችሁ፣ ብልቃጧን አወጣሁ። ሚጥሚጣዬን ነሰነስኩ።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጥቁር ናቸው፣ ሰማንያ ሳይሞላቸው አይቀርም፣ ባርኔጣቸውን ወንበሩ ላይ አስቀምጠዋል። "ምንድን ነው እሱ?" አሉኝ። አቀበልኳቸው። በጣታቸው ጫፍ ቀመሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ግን እጅ አልሰጡም። ከዚያ ሳቁና "ቦታህን አግኝተሃል ልጄ፣ እዚህ አገር እኮ ኳሱ ራሱ በቃሪያ ስጎ ነበር የሚጠራው" አሉ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ኢቫንጀሊን ሊግ የሚባል የቤዝቦል ሊግ ነበር፣ በደቡብ ሉዊዚያና ትንንሽ ከተሞች። ሰዉ ግን "የቃሪያ ስጎ ሊግ" ይለው ነበር። ታባስኮ የሚባለው የቃሪያ ስጎ የሚሠራው እዚያው ኒው አይቤሪያ አጠገብ ነው፤ ኒው አይቤሪያም ቡድን ነበራት። እኔ በበኩሌ ከዛሬ ጀምሮ የሚጥሚጣ ሊግ ብዬዋለሁ።

1934 ላይ ተጀመረ። ላፋየት፣ ኦፔሉሳስ፣ አቤቪል፣ ሁማ... ከዋናው ሊግ በታች ደረጃዎች አሉ፣ መሰላል በሉት፤ ይሄኛው ለብዙ ዘመን የመጨረሻው እርከን ላይ ነበር። ዲ ይባል ነበር። ሬይን የምትባል ከተማ ቡድኗ "የሩዝ ወፎች" ነበር ስሙ። ደስ አይልም? የሩዝ ወፎች። 1942 ላይ በጦርነቱ ቆመ፣ 1946 ተመለሰ፣ 1957 የመጨረሻው ሆነ። ቴሌቪዥን ገባ፣ ሰው ቤቱ ተቀመጠ። 1949 ላይ በአገሩ 59 ትንንሽ ሊጎች ነበሩ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግማሹም የለም።

እንግዲህ እኔ ሳልተኛ ያነበብኩት ነው ይሄ ሁሉ። ሦስት ሌሊት። ሚስቴ "ቤዝቦል ነው ወይስ ሌላ ሴት?" ብላኛለች።

ኧረ አንዱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ቢል ቶማስ። ኳስ ወርዋሪ ነው፣ የሁማ። 1946 ላይ ዕድሜው 41። በዚያ ዕድሜ በአንድ ዓመት 35 ጨዋታ አሸንፎ 7 ብቻ ተሸነፈ። እኔ በ41 ዓመቴ ከጭነት መኪናው ስወርድ ጉልበቴ ይጮኻል። ከዚያ ምን ሆነ፣ ከቁማርተኞች ጋር ተመሳጥራችኋል ተባለና እሱን ጨምሮ አምስት ሰዎች ታገዱ። እሱ አላደረግኩም አለ። 1949 ላይ መለሱት። በትንንሾቹ ሊጎች በጠቅላላው 383 ጨዋታ አሸነፈ፣ ማንም ያን ያህል አላሸነፈም። ዋናው ሊግ ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ አልወረወረም። አንድ ቀን! ይሄን ሳነብ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ተናደድኩ። አጎቴ ትዝ አለኝ። ያው አጎቴን ታውቁታላችሁ፣ ይቅር።

የት ነበርኩ? ሽማግሌው።

"አባቴ ሜዳ ይዞኝ ይሄድ ነበር" አሉኝ። "1956 ላይ ከደሴት አንድ ልጅ መጣ ተባለ፤ ጥቁር፣ ረጅም፣ ፈጣን። አባቴ ቅዳሜ እንሄዳለን አለኝ። ቅዳሜ ሲደርስ ልጁ የለም።" ዝም አሉ። "አባቴ ከዚያ በኋላ ወስዶኝ አያውቅም።"

የልጁ ስም "ፌሊፔ አሉ" ነው። በኋላ ነው ያወቅኩት። ዶሚኒካዊ። ሐኪም ሊሆን የሚማር ልጅ ነበር፣ በ200 ዶላር አስፈረሙት። ሃያ አንድ ዓመት ገና እየሞላው፣ እንግሊዝኛ አይችልም፣ ሌክ ቻርልስ ላኩት። ባተን ሩዥ የምትባል የሊጉ ከተማ ላይ የሜዳው ባለሥልጣኖች ጥቁር ተጫዋች አናስገባም አሉ። አምስት ጨዋታ ተጫወተና ወደ ፍሎሪዳ፣ ኮኮ ወደምትባል ከተማ ሸኙት። በዚያው በጋ ሉዊዚያና ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይጫወቱ ሕግ አወጣች፣ ፍርድ ቤት እስኪሽረው ድረስ። ልጁ ኮኮ ላይ ምን አደረገ? ከመቶ 38ቱን መታ። በቤዝቦል ከመቶ ሠላሳ የመታ ጎበዝ ነው የሚባለው፤ እንደዚያ አድርጋችሁ አስቡት።

ደግሞ የሊጉ ስም። ኢቫንጀሊን በድሮ ግጥም ውስጥ ያለች ልጅ ናት። እንግሊዞች በ1755 ከካናዳ ያባረሯቸው ሕዝቦች ልጅ። ዘሮቻቸው ናቸው እዚያ ሉዊዚያና የሰፈሩት። በተባረረች ልጅ ስም ሊግ አቋቁመው... ተዉት፣ ራሳችሁ ጨርሱት።

እሺ። አሁን ወደዚያ ልምጣ። እያዞርኩ ነው፣ አውቃለሁ።

ሽማግሌው ሒሳብ ከፍለው ሊነሱ ሲሉ "ስምህ ማን ነው?" አሉኝ። "ሳም" አልኩ። አፌ ለምዶታል፣ አላሰብኩበትም። ባርኔጣቸውን አነሱ። ቆሙ። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብለው "እናትህ ናት ሳም ያለችህ?" አሉኝ።

"አዎ" አልኩ።

ለምን አዎ አልኩ?

እኔ እኮ ስሙንጉሥ ነኝ። እናቴ ስሙዬ ነው የምትለኝ። ያወጣችልኝም እሷ ናት፣ ታሪኩን ስንቴ ነግሬያችኋለሁ። አንድ ሰው፣ የማላውቀው ሰው፣ የልጅነቱን ቅዳሜ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። በምላሹ ስሜን ብቻ ጠየቀኝ። እኔ ዋሸሁት። ያውም በእናቴ። የቸኮልኩ መሰለኝ መጀመሪያ። አልቸኮልኩም፣ እንቁላሌ ገና ግማሹ ነበር። ስሜን መድገም ሰልችቶኝ ነው? "እንደገና በለው፣ እንዴት ነው የሚጻፈው፣ ኦ እንዴት ያምራል" የሚለው? ሊሆን ይችላል። ግን እሳቸው እንደዚያ አልጠየቁኝም። እሳቸው ያወቁ ነው የሚመስለው። ፊታቸው ላይ... አላውቅም፣ እኔ ልሆን እችላለሁ የጨመርኩበት። "አዎ" ስል ራሳቸውን አንዴ ነቀነቁ። እንዳመነ ሰው አይደለም። እንደ... ባቡር እንዳመለጠው ሰው በሉት።

በጉዞው ሁሉ መልሼ መላልሼ አጫወትኩት። ቦሞንት ላይ "አይ፣ እናቴስ ስሙዬ ነው የምትለኝ" ብዬ ብቻዬን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ጂፒኤሷ፣ ያቺ ወይዘሪት፣ "በቀኝ ያዝ" አለችኝ።

ደግሞ ምን አገኘሁ መሰላችሁ። "አሉ" የሚለው የፌሊፔ የአባቱ ስም አይደለም። አባቱ ሮኻስ ነው። እነሱ ጋ ስም፣ ከዚያ የአባት ቤተሰብ፣ ከዚያ የእናት ቤተሰብ ነው የሚጻፈው። ያስፈረሙት ሰዎች የመጨረሻውን አነሱ። የእናቱን። "አሉ" ሆኖ ቀረ። አገሩ ላይ ፌሊፔ ሮኻስ፣ እዚህ ፌሊፔ አሉ። ወንድሞቹ ሲመጡ እነሱም "አሉ" ሆኑ። መስከረም 1963 ላይ ሦስቱም ወንድማማቾች ዋናው ሊግ ላይ ላለው ለጃያንትስ ቡድን በአንድ ጨዋታ፣ ግራ፣ መሐል፣ ቀኝ፣ ሜዳውን ሞሉት። ሦስቱም በተሳሳተ ስም። የፌሊፔ ልጅም ዋናው ሊግ ሲገባ "አሉ" ነበር።

እኛ ጋ ደግሞ ያው። መድኃኒት ቤት "ሚስተር ተገኘ!" ሲሉ አባቴ የመጣ ይመስለኛል፣ ዞር እላለሁ። ነፍሱን ይማረውና።

ግን የፌሊፔ ሌላ ነው። እሱን ሌሎች ናቸው የሰየሙት። ያውም ያገኙት የእናቱን ነው። እኔ የእናቴን በራሴ አፍ... እህቴ ጅዳ ስትሄድ ፓስፖርቷ ላይ የነበረውን ስም ክፍል 12 ላይ አውርቼዋለሁ። ስድስት ዓመት በዚያ ስም አቤት አለች። እናቴ ስልክ ላይ በዋናው ስሟ ስትጠራት መጀመሪያ ዝም ትል ነበር። መስመሩ ነው እንል ነበር። መስመሩ አልነበረም። እሷም ግን መርጣ አይደለም።

ምናልባት አጋንኜው ይሆናል። ሚስቴ "ሰውዬው ረስቶሃል፣ እንቅልፍህን ተኛ" ትላለች። ልክ ሳትሆን አትቀርም። ሳም ማለትስ ምን ነውር አለው? የጭነት ወረቀቱ ላይ ሳም ነኝ፣ ሦስት ሳም አለን ያው ድርጅት ውስጥ፣ ሁለቱ ሐበሾች። አንደኛው ሰመረ ነው። ሌላውን ጠይቄው አላውቅም። እንዴት አልጠየቅኩትም?

ሐሙስ እንደገና በዚያ መንገድ ጭነት አለኝ። ቁርስ ሰዓት አይደለም የምደርሰው፣ ወደ ማታ ነው። እሳቸው ማታ እዚያ ምን ይሠራሉ። ባገኛቸውስ ምን ልላቸው ነው? ደግሞ እኔም ስማቸውን አልጠየቅኩም። ይሄ አሁን ነው የመጣልኝ፣ እያወራሁ።

አንድ ነገር ደግሞ። ብልቃጧ የለችም። መኪናውን ሙሉ ፈትሻለሁ፣ ከመቀመጫው ሥር፣ ከበሶው ጋር፣ የለችም። ወይ ጠረጴዛው ላይ ቀርታለች፣ ወይ... እጃቸው ላይ ነበረች መጨረሻ ላይ። መሰለኝ። እናቴ ናት የላከቻት፣ በዓል ላይ፣ በሰው...