ፒያኖው ተዘግቶ ሳለ የተሰማው

[የሚታይ፦ በጫካ መሀል የቆመ የእንጨት አዳራሽ]

አሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ዉድስቶክ አጠገብ ማቨሪክ የሚባል የሙዚቃ አዳራሽ አለ። በ1916 እ.ኤ.አ. ከሳንቃ የተሠራ ነው። ጀርባው ወደ ጫካው ክፍት ስለሆነ ነፋሱም ዝናቡም ከታዳሚው እኩል ይገባል። ለዛሬው ታሪካችን ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ኦገስት 29 ቀን 1952፣ በእኛ ነሐሴ 23 ቀን 1944 ዓ.ም. ማታ፣ ፒያኒስቱ ዴቪድ ቱዶር መሣሪያው ፊት ተቀመጠና ክዳኑን ዘጋ። በታተመው ኖታ ላይ እንደሠፈረው፣ ከ33 ሰከንድ በኋላ ከፈተው። እንደገና ዘግቶ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ቆየ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ዘግቶ 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ሲደመር 4 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ነው፤ የሙዚቃ ድርሰቱም ስም ይኸው ነው። ከፒያኖው አንዲት ድምፅ አልወጣችም። የሙዚቃው ደራሲ አሜሪካዊው ጆን ኬጅ ነበር።

[የሚታይ፦ የተዘጋ የፒያኖ ክዳን፣ ከቅርብ]

ክዋኔ ጥበብ እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። በሰው አካል፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ይፈጸምና ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ያዩት ሰዎች የሚናገሩት ነው። ስለዚህ ከዝግጅቱ በኋላ የሚደረገውን ውይይት የሥራው አካል አድርጌ አየዋለሁ።

የማቨሪኩ ውይይት ግን ወዲያው ወደ ጭቅጭቅ ተለወጠ። ሲነገር እንደኖረው፣ ከታዳሚው አንዱ ተነሥቶ እነዚህን ሰዎች ከከተማችን እናባርር ብሎ ጮኸ። ይህ ሰው ስለ ሰማው ነገር አንድም ቃል አልተናገረም። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ የኬጅ እናት ጥያቄ ነው። የልጃቸውን ወዳጅ፣ የሙዚቃ ደራሲውን ኧርል ብራውንን፣ «ጆን አሁንስ አላበዛውም?» ብለው እንደጠየቁት ይተረካል። እናት ልጇን ትወዳለች፤ ግን ግራ ገብቷታል፤ ግራ መጋባቷንም አልደበቀችም። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ይልቅ ሂስ ማለት ይህ ነው እላለሁ፤ መልስ ይፈልጋልና።

ኬጅ በኋላ ሲናገር ሰዎቹ ነገሩ አመለጣቸው አለ። በመጀመሪያው ክፍል ከውጭ ነፋሱ ይሰማ ነበር። በሁለተኛው ዝናብ ጣሪያውን ይመታ ጀመር። በሦስተኛው ሰዎቹ ራሳቸው እያጉረመረሙና እየወጡ ልዩ ልዩ ድምፅ አሰሙ። ኬጅ ከዚያ በፊት በ1951 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ድምፅ የማያስገባና የማያስተጋባ ክፍል ውስጥ ገብቶ ነበር። ፍጹም ጸጥታ ሲጠብቅ አንድ ቀጭንና አንድ ወፍራም ድምፅ ሰማ፤ ሁለቱም ከገዛ አካሉ የሚወጡ ነበሩ።

አሁን እኔም ዝም ልበል። እናንተም አዳምጡ።

[ትረካው ይቆማል፤ 33 ሰከንድ። የሚታይ፦ መስኮት]

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ እኔም ሞክሬው ነበር። መጀመሪያ ምንም የለም ብዬ ነበር። ቀጥሎ ጎረቤቴ ቡና ስትወቅጥ ሙቀጫው ዱክ ዱክ ሲል ተሰማኝ። ከዚያ ቆርቆሯችን ላይ አንድ ጠብታ፣ ቆየት ብሎ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ። ዝናቡ ሲበረታ ሙቀጫው ቆመ፤ የበር ማጠፊያ ጮኸ፤ የተሰጣ በርበሬዋን ልታስገባ መውጣቷ ነበር። ስንት ክረምት እዚህ ቤት ኖሬ፣ የዝናቡን መምጣት ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምሬ ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

[የሚታይ፦ የትምህርት ቤት መድረክና ፒያኖ]

አንድ ሃያሲ ላስተዋውቃችሁ። ካይል ጋን ዳላስ ውስጥ ገና ተማሪ ሳለ፣ በ1973 እ.ኤ.አ.፣ በራሱ የፒያኖ ዝግጅት ላይ ይህንኑ ድርሰት አቀረበ። ከ1986 ጀምሮ ደግሞ ዘ ቪሌጅ ቮይስ በተባለው የኒው ዮርክ ጋዜጣ የሙዚቃ ሃያሲ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ጻፈ፤ ራሱም የሙዚቃ ደራሲ ነው። በሰው ፊት ተቀምጦ ክዳኑን በገዛ እጁ የዘጋ ሃያሲ፣ ቱዶር ላይ የደረሰውን በጆሮውም በቆዳውም ያውቀዋል። ሙዚቀኞች ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጋር በአደባባይ ሲነጋገሩ ንግግሩ ከስድብ ወደ ሥራው ይመለሳል።

በእነዚያ 33 ሰከንዶች የሰማችሁትን ጻፉልኝ። የኬጅን እናት ጥያቄ የምትጠይቁም ካላችሁ ጻፉ፤ ምኑ ላይ እንደበዛባችሁ ጨምሩልኝ።