በሕግ አምላክ ብለን የጮኽን ሰዎች ነን

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የአርበኛ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ከየትምህርት ቤቱ የመጣችሁ ወጣቶች፤ እንኳን ለሚያዝያ 27 የድል በዓል አደረሳችሁ።

አዘጋጆቹ «ስለ አርበኞች ትንሽ ይበሉ» ሲሉኝ ተቸገርኩ። ደብረ ማርቆስ ላይ ቆሜ ስለ በላይ ዘለቀ፣ ስለ መንገሻ ጀምበሬ፣ ስለ ነጋሽ በዛብህ ለእናንተ ምን ልንገራችሁ? ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 1933 በኦሜድላ ገብተው፣ በጎጃም አቋርጠው አዲስ አበባ እንደደረሱ እዚህ ሕፃኑም ያውቃል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ችሎት ላይ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ላውራ። አንድ ጦርነት ሕጋዊ ነው ወይም ሕገ ወጥ ነው የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ቢቸና አካባቢ ወጣት ዳኛ ሆኜ ስሠራ የመጣ ጉዳይ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተጣሉ። አንደኛው በየዓመቱ አንድ ፈር፣ አንድ ፈር እያለ የሌላውን ማሳ ገፋ። በኋላማ የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ ወደዚያ አዛወረው። የተገፋው ሰውዬ ሦስት ዓመት ቻለ። በአራተኛው፣ በሐምሌ፣ ጤፍ ሊዘራ ሲል ወንድሞቹን አስከትሎ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ወረደ። አንደኛው ወንድሙ ጠብመንጃ ይዟል። በሬዎቹን ጠምደው መሬቱን ገለበጡት። ሲነጋ ጎረቤትየው ዱላውን ይዞ መጣ። ልጆቹም ተከተሉት። ስድብ ተጀመረ፤ ዱላ ተነሣ፤ ጠብመንጃው ተቀባበለ። ይኼኔ ከወንዝ ውሃ ቀድተው የሚመለሱ አንዲት አሮጊት እንስራቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ጮኹ።

«በሕግ አምላክ! ባላችሁበት ቁሙ!»

ቆሙ። ዱላ ያነሣው እጁ እንደተነሣ ቀረ። እኒያ እናት ፖሊስ አይደሉም፤ በትር እንኳ አልያዙም። ምስክር ሆነው ችሎት ሲቀርቡ «እናቴ፣ ጠብመንጃውን አልፈሩም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ዝም ብል ነበር የምፈራው» አሉኝ።

ፍርዱ በሁለት መዝገብ ነበር። ሽማግሌዎች መሰከሩ፤ መሬቱ ተለካ። እውነትም የዚያ በሌሊት ያረሰው ሰውዬ ሆኖ ተገኘ። «መሬቱ ያንተ ነው» ብዬ ፈረድኩለት። በሌላው መዝገብ ግን በጉልበት ስለገባ ቀጣሁት። «ጌታዬ፣ የራሴን መሬት አርሼ?» አለኝ። አዎ፤ የራስህንም መሬት።

ያንን ሰውዬ ያስታወሰኝ የባድመ ፍርድ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያና ኤርትራ ሄግ ላይ ሁለት ኮሚሽን ነበራቸው። የድንበር ኮሚሽኑ በ1994 ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። ይህ ብዙዎቻችንን አሟል፤ እኔንም አሟል። የካሳ ኮሚሽኑ ደግሞ በ1998 ኤርትራ ግንቦት 4 ቀን 1990 ጦር ይዛ መግባቷ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር አንቀጽ 2(4) ይጥሳል ብሎ ፈረደባት። ራሴን መከላከሌ ነው አለች፤ አልተቀበሏትም። የድንበር ክርክር በጦር አይፈታም፣ መሬቱ የኔ ነው ማለት ለመውረር ፈቃድ አይሆንም ተባለ። ልክ እንደ ቢቸናው፣ ሁለት መዝገብ። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ያሉት ይህንኑ ነው።

የዓለሙ ሕግ ሲነገር አጭር ነው። ቻርተሩ አገር በአገር ላይ ኃይል እንዳያነሣ፣ በኃይልም እንዳያስፈራራ ይከለክላል። በር የተተወው ለሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ አንቀጽ 51 ነው፤ ጥቃት የተፈጸመበት አገር ራሱን ይከላከላል። ሌላው የጸጥታው ምክር ቤት ሲፈቅድ ነው። «ነገ ሊመታኝ ይችላል ብዬ ዛሬ መታሁት» የሚል አንቀጽ እዚያ ውስጥ የለም። ቻርተሩን ካቆሙት 51 አገሮች አንዷ ደግሞ ኢትዮጵያ ናት። የፈረንጅ ሕግ ነው ለምትሉኝ ይህን ያዙልኝ።

ከቻርተሩ በፊትስ ሕግ አልነበረም? ነበር። ጣሊያን በመስከረም 1928 ስትወረን ጦርነትን የፖለቲካ መሣሪያ አላደርግም ብላ ፓሪስ ላይ ፈርማ ነበር። በመርዝ ጋዝ አልዋጋም ብላም ጄኔቫ ላይ ፈርማ ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር አባልም ነበረች። ፍርድም ተሰጥቷል! ማኅበሩ ጣሊያን ቃሏን አፍርሳ ጦርነት ከፍታለች ብሎ ወስኗል። የጠፋው አፈጻጸሙ ነው። ማዕቀብ ጣሉ፤ ነዳጇን ግን አልነኩም። የስዊዝን ቦይ አልዘጉም። መርከቧ ጋዙን ጭኖ በዚያው አለፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ላይ ቆመው በአማርኛ አቤት አሉ። የኛ በሕግ አምላክ ያ ነበር። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። ማዕቀቡም ብዙ ሳይቆይ ተነሣ። ከጦርነቱ በኋላ እንኳ እዚህ አገር ለተሠራው ግፍ አንድም የጣሊያን ጄኔራል በዓለም አቀፍ ችሎት ፊት አልቆመም። የናዚ ሹማምንት የተዳኙባቸው እነ ኑረምበርግ ለሌላው ነበሩ። ይህ ዛሬም ይቆጨኛል። አለመቆጨት አልችልም።

ታዲያ ያኔ ከጎናችን የቆመ ማን ነበር? አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ በሜክሲኮ አደባባይ አልፏል። ስሙ ከየት መጣ? ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች ነው። ከኛ የምትፈልገው ነገር አልነበረም። ውቅያኖስ ማዶ ሆና «በሕግ አምላክ» አለች። እኛም አደባባይ ሰየምንላት።

እንግዲህ የመጣሁበት ነገር እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካና ብሪታንያ በመጋቢት 1995 ኢራቅ ሲገቡ የምክር ቤቱን ፈቃድ አልያዙም። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን ራሳቸው ከዓመት በኋላ ሕገ ወጥ ነበር አሉ። የዘመቻው ደጋፊ ተብለው ዋይት ሐውስ ባወጣው ዝርዝር ውስጥ የአንዷ አገር ስም ማን ነበር? ኢትዮጵያ!

ሩሲያ በየካቲት 2014 ዩክሬንን ወረረች። በምክር ቤቱ ውግዘት ሲቀርብ ተከሳሿ ራሷ ውሳኔ የመሻር መብት ያላት ቋሚ አባል ናትና በአንድ እጇ ጣለችው። ተከሳሽ ዳኛ ሆኖ የሚቀመጥበት ችሎት ጎጃም ውስጥ ቢኖር ማን ይታገሠው ነበር? ነገሩ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ሄደ። 141 አገሮች ደገፉ፣ 5 ተቃወሙ፣ 35 ድምፅ ተዐቀቡ። ኢትዮጵያ ከሦስቱም ውስጥ የለችም። ወንበራችን ባዶ ነበር። ቀኑን ታውቃላችሁ? የካቲት 23! የዓድዋ ቀን! እኛ እዚህ ጎራዴና ጋሻ ይዘን ስንፎክር ኒውዮርክ ያለው ወንበራችን ባዶ ነበር።

በዚያ ሰሞን የራሳችን እሳት ይነድ ነበር፣ ወዳጅ ማስቀየም አያስፈልግም የሚሉ አሉ። እሰማቸዋለሁ፤ አልቀበላቸውም። የሜክሲኮም ሰዎች እንዲህ ማለት ይችሉ ነበር። ወራሪው አሜሪካም ይሁን ሩሲያ፣ ወዳጅም ይሁን ባላንጣ፣ በጄኔቫው መድረክ የጮኸ ሕዝብ ተወካይ ተነሥቶ ሊናገር ይገባል። በጋዛ የተኩስ አቁም ረቂቅ ደጋግሞ በአንድ እጅ ሲወድቅም ያው ነው። ነገ የኛ ተራ ሲሆን ማንን ልንጠራ ነው?

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ጦርነቱ ትክክል ነው ማለት በጦርነቱ ውስጥ ሁሉም ይፈቀዳል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጡት አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች አንቀጽ 3 በአንድ አገር ልጆች መካከል ለሚደረግ ውጊያም ይሠራል። መሣሪያ ያልያዘ ሰው፣ መሣሪያውን ያስቀመጠ፣ የቆሰለ፣ የተማረከ አይገደልም። ሐኪም ቤት አይመታም፤ አውድማ ላይ ያለ ገበሬ አይመታም። ይህ ለአባይ ማዶም ለአባይ ወዲህም የተጻፈ ነው፤ መንግሥትንም ጠብመንጃ ያነሣውንም እኩል ይይዛል። ከጎጃም ሰው ፊት ቆሜ ይህን ሳልናገር ብወርድ እኒያን የቢቸና እናት አፍራቸው ነበር።

ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን የአበባ ጉንጉኑን ልናስቀምጥ ነው። አባቶችና እናቶች ይቅደሙ፤ ልጆች፣ መንገድ ስጧቸው።