እሳቱ ስንት ሰከንድ ቆየ?

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። የዛሬው ዝግጅቴ በጋዝ የሚሠራ የቤት ማሞቂያ፣ ብዙዎቻችን ፈርነስ የምንለው፣ እየበራ መልሶ ሲጠፋ ምክንያቱ እንዴት እንደሚፈለግ የሚመለከት ነው። እኔ በምኖርበት በሚኒሶታ፣ በጥር ወር ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ ነገሩ የምቾት ጥያቄ መሆኑ ይቀራል፤ ቤቱ እየቀዘቀዘ ከሄደ በቧንቧ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሠርቶ ቧንቧውን ሊያፈነዳው ይችላል፤ ሕፃንና አዛውንት ባሉበት ቤት ደግሞ ጭንቀቱ ከዚህም ይከፋል።

ሰሞኑን እንደ እናቴ የማያቸው ጎረቤቴ «ልጄ፣ ይበራና ወዲያው ድርግም ይላል፤ ዕድሜው አልቆ ይሆን?» ብለው ጠሩኝ። ያቀረብኩላቸው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ምን ያህል ቆይቶ ይጠፋል? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ እኔ ግን ማንኛውም መሣሪያ ከመነሣቱ በፊት መልስ ሊያገኝ የሚገባው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ። በርጩማ ስበን ማሞቂያው ፊት ተቀመጥን፤ በትንሿ መስኮት ሰማያዊውን ነበልባል እያየን ስንቆጥር፣ አምስት ሳንል የጋዙ ቫልቭ ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

የጊዜው ጉዳይ ይህን ያህል የሚያስፈልገው ማሞቂያው በቅደም ተከተል ስለሚነሣ ነው። ቴርሞስታቱ ሙቀት ሲጠይቅ መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ፋን ተነሥታ በውስጡ የቀረውን አየር በጭስ ማውጫው ጠርጋ ታስወጣለች፤ የግፊት ስዊች የሚባለው ክፍል መንገዱ ክፍት መሆኑን ሲያረጋግጥ ማቀጣጠያው እስኪቀላ ይግላል፤ ቫልቩ ይከፈታል፤ እሳቱ ይያዛል፤ የነበልባል ሴንሰሩ እሳት መኖሩን ለመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ያሳውቃል፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶም ትልቁ ፋን ሙቀቱን ወደ ክፍሎቹ መንፋት ይጀምራል። ስለዚህ እየበራ የሚጠፋ ማሞቂያ ብዙውን ጊዜ ያረጀ ወይም የሞተ ማሞቂያ አይደለም፤ አንድ ነገር ማረጋገጥ ስላልቻለ ጋዙን የዘጋ ማሞቂያ ነው። የትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ ካወቅን ፍለጋው ከግማሽ በላይ ተጠናቋል።

በጎረቤቴ ቤት እንዳየነው እሳቱ ተያይዞ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከጠፋ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የነበልባል ሴንሰሩ ነው። ይህ የጣት ርዝመት ያላት፣ እሳቱ መካከል የምትገባ ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። እሳት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ሰሌዳው በነበልባሉ ውስጥ የሚያልፈውን በሚሊዮንኛ አምፔር የሚለካ እጅግ ደካማ ኃይል እየጠበቀ እሳት መኖሩን ይረዳል። ዘንጓ በጊዜ ብዛት በስስ ነጭ ልባስ ስትሸፈን ያ ደካማ ኃይል ይታገዳል፤ ዓይናችን እሳቱን እያየ፣ ሰሌዳው ግን እሳት የለም ብሎ ጋዙን ይዘጋል። መብራቱንም ጋዙንም ዘግተን፣ ያሰራትን አንድ ብሎን ፈትተን፣ ዘንጓን በደቃቅ የብረት ሱፍ ቀስ ብለን ወለወልናት። ሻካራ የአሸዋ ወረቀት ዘንጓን ስለሚቧጭራት አይመከርም። ወደ ቦታዋ ስንመልሳት እሳቱ ጸንቶ ነደደ፤ ትልቁም ፋን ተነሣ።

እሳቱ ለደቂቃዎች ነድዶ ከጠፋና ትልቁ ፋን ግን መንፋቱን ከቀጠለ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ማሞቂያው ከመጠን በላይ ስለጋለ የሙቀት መጠን ገደብ ስዊቹ እሳቱን አጥፍቶታል ማለት ነው፤ መንስኤውም አብዛኛውን ጊዜ በአቧራ የታፈነ የአየር ማጣሪያ ነው። ዕጣን በሚጤስበትና በርበሬ በሚታመስበት በእኛ ቤት ማጣሪያው በየወሩ ቢታይ መልካም ነው እላለሁ። ጋዝ ለመቆጠብ ሲባል በማንኖርባቸው ክፍሎች የአየር ማስገቢያዎችን መዝጋትም ያንኑ ሙቀት ያስከትላል።

ትንሿ ፋን ብቻ እያጓራች እሳቱ ጭራሽ ካልተያያዘ ደግሞ ወደ ውጭ ወጥቶ ማየት ይገባል። በአዳዲሶቹ ቆጣቢ ማሞቂያዎች ጭሱ የሚወጣው በቤቱ ግድግዳ በሚያልፍ የፕላስቲክ ቧንቧ ስለሆነ በረዶ አፉን ሊደፍነው ይችላል፤ የማሞቂያው የውኃ ማፍሰሻ ቱቦ ሲዘጋም ውጤቱ ያው ነው። ሰሌዳው ላይ ብልጭ ድርግም የምትለው መብራት ችግሩን በቁጥር ትናገራለች፤ ትርጉሙ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ተጽፏል። ይሁንና ክዳኑ ሲከፈት ኃይሉ ስለሚቋረጥ ቁጥሩ ሊጠፋ ይችላልና አስቀድማችሁ በመስኮቷ በኩል ቁጠሩት።

አጥብቄ የምናገረው ስለ አንድ ነገር ነው። የደኅንነት ስዊች እያስቸገረ ነው ብሎ በሽቦ አሻግሮ ማሠራት ነፍስን አሳልፎ መስጠት ነው። እሳት ከቦታው ወጥቶ ሲያፈተልክ ጋዙን የሚቆርጠው ስዊች ሥራውን ሠርቶ ጋዙን ከዘጋ፣ የስዊቹን አዝራር ተጭኖ መቀጠል አይገባም፤ የሙቀት መለዋወጫው፣ ማለትም የእሳቱን ጭስ ከቤቱ አየር ለይቶ ሙቀቱን ብቻ የሚያሳልፈው ብረት፣ ተሰንጥቆ ወይም ጭስ ማውጫው ተደፍኖ ሊሆን ስለሚችል ማሞቂያው ጠፍቶ ባለሙያ ይጠበቃል። ጎረቤቴ ሥራው ሳያልቅ «እስከዚያው ትንሽ ከሰል አቀጣጥዬ ሳሎን ላግባው?» ብለውኝ ነበር፤ «አይሆንም፣ እትዬ፤ ብርድ ልብስ እንደርባለን እንጂ ከሰል አይገባም» አልኳቸው። ከሰል አጠገባቸው አድርገው ተኝተው ሳይነቁ ስለቀሩ ሰዎች ከአገር ቤት ጀምሮ የሰማነው ነገር እዚህም ያው ነው፤ የዚህ አገር ቤት ደግሞ ብርድ እንዳይገባ ተደፍኖ የተሠራ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው በየፎቁና በመኝታ ክፍሎች አጠገብ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ መኖር አለበት። የጋዝ ሽታ ከመጣ ግን ምንም መብራት ሳታበሩም ሳታጠፉም ከቤት ውጡና ከውጭ ሆናችሁ ደውሉ።

ለባለሙያ ስትደውሉም «ማሞቂያው አይሠራም» ብላችሁ አታቁሙ። ትንሿ ፋን ተነሥታ እንደሆነ፣ እሳቱ ተይዞ እንደሆነና ስንት ሰከንድ እንደቆየ፣ ከጠፋ በኋላም ትልቁ ፋን ይነፋ እንደነበር፣ መብራቷም ስንት ጊዜ ብልጭ እንዳለች ንገሩት፤ ከቤቱ ሳይነሣ የሚያስፈልገውን ዕቃ ይዞ ይመጣል።