ባሕር ውስጥ የቆየ ስንቅ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ከጣት ስለማትበልጥ ዓሣ ነው። ባለ ሦስት እሾህ ስቲክልባክ ትባላለች። ከአላስካ እስከ ኖርዌይ፣ በሰሜኑ የዓለም ክፍል የባሕር ዳርቻዎች ትኖራለች።

የባሕሯን ዓሣ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ፣ በየጎኗ ከ30 በላይ የአጥንት ሰሌዳዎች ከራስጌ እስከ ጅራት ተደርድረዋል። ጀርባዋ ላይ ሦስት እሾህ አለ፤ ሆዷ ሥር ደግሞ ሁለት። እሾሁን ቀስራ ስትቆልፈው አዳኝ ሊውጣት ይቸገራል። የሐይቅ ዘመዷ ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 ያነሱ ሰሌዳዎች ናቸው ያሏት።

ልዩነቱ እንዴት መጣ? የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሲያበቃ፣ ከ12 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ግግር በረዶው ሸሽቶ በቦታው ሐይቆች ተፈጠሩ። የባሕር ዓሦች ገቡባቸው፤ ብዙዎቹም እዚያው ቀሩ። ከዚያ በየሐይቁ፣ እርስ በርስ ሳይገናኙ፣ ሰሌዳቸውን ቀነሱ።

በየሐይቁ አዲስ ሚውቴሽን፣ ማለትም አዲስ የዘረመል ለውጥ፣ ተፈጥሮ ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም፤ እኔን የሚደንቀኝም ይሄው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት ዋናው ዘረመል ኤዳ የሚባለው መሆኑን አሳየ። ሰሌዳቸው ያነሰው ዓሦች፣ በጣም ተራርቀው እየኖሩ፣ አብዛኞቹ የያዙት የዚህን ዘረመል ያንኑ አንድ ጥንታዊ ቅጂ ነው። ዕድሜው በሚሊዮን ዓመታት ይገመታል። ሐይቆቹ ገና አልነበሩም!

ታዲያ የት ቆየ? ባሕር ውስጥ። አንዲት የባሕር ዓሣ ቅጂውን ከአንድ ወላጇ ብቻ ከወረሰች፣ የሌላው ወላጅ ቅጂ ስለሚያይልበት መልኳ ላይ እምብዛም አይታወቅም። እንዲህ ያሉት ጥቂት ናቸው። ግን የዝርያው ስንቅ እነሱ ጋ ነው።

ሁሉም ለውጥ ከድሮ የተወረሰ ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንድ ሐይቆች ውስጥ የሆድ እሾህ የጠፋው፣ ፒቲኤክስ 1 የተባለውን ዘረመል በዚያ የሰውነት ክፍል የሚያበራው የዲኤንኤ ቁራጭ በየቦታው ለየብቻ ስለተቆረጠ ነው።

ስንቁ ሲፈታ ግን በዓይን ታይቷል። አላስካ ውስጥ ሎበርግ የሚባል ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 ለስፖርት ዓሣ ማጥመድ እንዲመች ተብሎ በመርዝ ጸዳ። ትንሽ ቆይቶ የባሕር ስቲክልባኮች መጥተው ሰፈሩበት። በ1990 ሲታዩ ሁሉም ማለት ይቻላል ሙሉ ሰሌዳ ነበራቸው። በ2001 ግን ከአራቱ ሦስቱ ሰሌዳቸው ጥቂት ነበር። አስራ አንድ ዓመት ብቻ!

ስለዚህ «ዓሣው ሞልቷል፣ ምን ያሳስባል?» ሲባል አልስማማም። ብዛት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ያ ብርቅ ቅጂ ባሕር ውስጥ እንዳይጠፋ ከሚያግዙት መካከል ከሐይቅና ከወንዝ ወርደው ከባሕር ዓሦቹ ጋር የሚዳቀሉ ዓሦች ይገኛሉ። የወንዙ አፍ ከተዘጋ ይህ መመላለስ ይቆማል። ባሕር ዳርቻ ላይ ግድብ ወይም መዝጊያ የምታቅዱ መሐንዲሶች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁ፣ ለትንንሾቹም ዓሦች መተላለፊያ ይኑር ብላችሁ ንድፉ ላይ አስገቡልን።

አመሰግናለሁ።