ኮፋኖው ሞቆ ነበር

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምቀዳው ከቤት አይደለም፤ ጋቢና ውስጥ ነኝ። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሊሆን ነው። ድምፄ ከተንቀጠቀጠ ከብርዱ ነው፤ ታኅሣሥ ነው፣ ሣሩ ላይ ውርጭ ተኝቷል። ሞተር አስነሥቼ እንዳልሞቅ ደግሞ እኔን አትሰሙኝም። ናፍጣ ናት፣ የ1983 ሃይሉክስ፣ ነጠላ ጋቢና። ስትነሣ ሰፈሩ ያውቃል።

የዛሬው ወሬዬ ስለ እሷ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ነው የገዛኋት። ያኔ ከመሐል ሜዳ በግ፣ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት እያመጣሁ እዚህ እሸጥ ነበር። ሁልጊዜ በኪራይ መኪና። ትርፉን ባለመኪናው ይወስዳል፣ ለእኔ ሽታው ይተርፈኛል። አንድ ቀን ደላላ ደወለ። «አንድ ሃይሉክስ አለች። ሞተሯ ተቀይሯል፤ ጉልበት ጨመረች እንጂ አልቀነሰች» አለኝ።

ዋናው ሞተሯ 2ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነበር፣ 2,446 ሲሲ። እሱ ወርዶ 3ኤል ገብቶላታል፣ 2,779 ሲሲ። ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ካምቢዮ ሳይቀየር፣ ብዙ ብየዳ ሳያስፈልግ ይገጥማል። ስለዚህ መካኒኮች ይወዱታል። እኔ ግን ይህን ያኔ አላውቅም። የማውቀው አጎቴን ነው።

አጎቴ በኤንትሬ፣ በድሮው የፊያት ጭነት መኪና፣ አሰብ ሲመላለስ ያረጀ ሹፌር ነው። ደላላ አያምንም፣ ባለመኪና አያምንም፣ እኔንም ብዙ አያምነኝም። ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ብቻ ነገረኝ። «ከሰላምታ በፊት ኮፋኖውን ንካ።»

ስንደርስ ሻጩ ካፖርቱን ደርቦ ቆሟል። እጁን ዘረጋልኝ። እኔ እያፈርኩ ኮፋኖውን ዳሰስኩ። ይሞቃል! መንገዱ ላይ ያደረው መኪና ሁሉ ውርጭ ለብሷል፣ እሷ ብቻ ላብ ላብ ብሏታል።

አጎቴ አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ ዛሬ ደክሟት የለ? ቀብድ እናስይዝህና እኛ ግቢ ትደር። ነገ እንነጋገራለን» አለው። ሰውዬው ደላላውን አየ፣ ደላላው መሬት አየ። በመጨረሻ ቁልፉን ሰጠን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን በእሳት ብልጭታ አይነሣም። አየሩን አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ አየሩ ሲጨመቅ ይግላል፣ ናፍጣው በዚያ ግለት ይቀጣጠላል። ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ካለቀ ጭመቃው ያመልጣል። የሞቀ ሞተር ያው እንደምንም ይነሣል። ሲበርድ ነው ጉዱ የሚወጣው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ፣ ጠዋቱ ውርጭ። ያረጀ ናፍጣ ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ሰውዬውም ያውቅ ነበር፣ ለዚያ ነው አሙቆ የጠበቀን።

በማግስቱ ሲነጋ ሞከርናት። ካንዴላዋን፣ በብርድ ጊዜ የሞተሩን ውስጥ የምታግለውን፣ ሁለቴ አሞቅን፣ ሦስተኛው ላይ ተነሣች። ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው፤ የአጎቴ ባለቤት አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ወጣችና የሆነ ነገር ተናገረች፣ እዚህ አልደግመውም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጭሱ ጠራ። አጎቴ በጣቱ እያሳየ አስተማረኝ። ነጩ ቶሎ ከጠፋ የብርድ ነው፣ ያልተቃጠለ ናፍጣ። ካልጠፋና ውሃ እየጎደለ ከሄደ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን፣ ከሞተሩ ራስ ሥር ያለውን ማሸጊያ፣ ጠርጥር። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው ለአየሩ በዝቷል፤ በዚህ ከፍታ፣ ዳገት ላይ፣ ትንሽ ጥቁር ብታይ አትደንግጥ።

ከዚያ የዘይቱን ክዳን ፈታና ገልብጦ ቀዳዳው ላይ አስቀመጠው። ሞተሩ እየሠራ ነው። «ከዘለለ ጭመቃው እያመለጠ ነው፣ ቁልፉን እንመልሳለን» አለ። ክዳኑ ትንሽ ተርገበገበ እንጂ አልዘለለም።

ገዛኋት። ዋጋውን አልነግራችሁም። ያኔ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር፤ ዛሬ ብትሰሙት ትስቃላችሁ።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ልበል። ያን ሁሉ ጊዜ የመረመርነው ሞተሩን ነበር። ሞተሩ ጥሩ ነበር፣ ዛሬም ጥሩ ነው። የገጠመውን ሰው እጅ ግን አላየንም። እሱን ቀስ በቀስ ነው ያወቅሁት፣ ፊቱን ሳላይ። ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር ከሚያስሩት ብሎኖች አንዱ የለም። የውሃ ጎማው በሽቦ ታስሯል። ራዲያተሩ የድሮው ነው፣ ግማሽ ቱቦው በዝገት ተደፍኗል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የሙቀት ቆጣሪው ጠቋሚ ከታች ንቅንቅ አይልም። እኔ ይህን አይቼ ለጓደኞቼ «የኔዋ ዳገትም አያሞቃት» እያልኩ እፎክራለሁ። ለካ ሽቦው ተቆርጦ ተንጠልጥሏል።

ይህን የነገረችኝ ደብረ ሲና ናት። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኜ ስመጣ። 12 ኩንታል ነው፣ ከልክ በላይ ነው፣ አልክድም። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ጣርማ በር ከ3,000 በላይ ነው። ያን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ትወጣለህ። ደብረ ሲና ስገባ ከኮፋኖው ሥር እንፋሎት ተነሣ። ወርጄ ጨርቅ ያዝኩና የራዲያተሩን ክዳን ልፈታ ስል ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ። «አንተ ልጅ! እንዳትከፍት! ፊትህን ልታጣ ነው?» ቆሎ ሻጭ እናት ናቸው። ስንት ሹፌር እንዳዩ እግዜር ይወቅ።

ቁጭ አልኩ። ውሃ ሰጡኝ፣ ቆሎ ገዛኋቸው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ስቆረጥም ቆየሁ። ሲበርድ ክዳኑን አየሁት፣ ጎማው ተበጣጥሷል። እዚህ ደጋ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ ደብረ ብርሃን ላይ 90 ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ግፊቱን ይዞ እንዳይፈላ የሚያደርገው ያ ክዳን ነው። ከጠቅላላው ጥገና ትንሹ ዋጋ የወጣው ለእሱ ነው። ራዲያተሩን ስቀይር ግን የሦስት ጉዞ ትርፍ ሄደ።

ሊብሬውን ልንገራችሁና ልጨርስ። ለቦሎ ምርመራ ስወስዳት መርማሪው ብሎኩን፣ የሞተሩን ዋና አካል፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገና በባትሪ አበራ። የተመታው ቁጥር የሚጀምረው በ3ኤል ነው። ሊብሬው 2ኤል ይላል፣ ሲሲውም የድሮው ነው። ሞተር ሲቀየር ማሳወቅና ማስመዝገብ ግዴታ ነው። በ2002 የወጣው የተሽከርካሪ አዋጅ፣ ቁጥር 681፣ እኔ ስወለድ ጀምሮ ያለ ይመስል መርማሪው በቃሉ ይለዋል። «ሞተሩ ከየት እንደመጣ ማስረጃ አምጣ» አለኝ። ሻጩን ፈለግሁ። ሻጩ ከሶማሌ ተራ፣ ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ እንደገዛው ይምላል፤ ደረሰኝ ሲባል ግን የደብተር ቅዳጅ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ አመጣ። ስም የለው፣ ማኅተም የለው። ከዚያ ወዲያ የሄድኩበትን ቢሮና የቆምኩበትን ሰልፍ ልቆጥር አልችልም፤ ብቻ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። አጎቴ አንድ ቀን አብሮኝ ሄዶ ሲመለስ «ይህን እኔ ነበርኩ ማየት የነበረብኝ» አለ። ኮፋኖውን ከመንካት በፊት ሊብሬና ብሎክ ማስተያየት ነበረብን፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እሱ የጥንት ሰው ነው፣ በእሱ ጊዜ ሞተር ወርዶ ይጠገናል እንጂ አይቀየርም። እኔም አልጠየቅሁም።

አሁን ወረቀቷ ንጹሕ ነው። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ «አትሸጣትም ወይ?» የሚለኝ በዝቷል። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ መጣ፣ በግ ነጋዴ ነው። ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ። «ሞተሯ ኦሪጅናል ነው?» አለኝ።

አይደለም አልኩት። ከዚያ ቁጭ አልንና ሁሉንም ነገርኩት። ብሎኑን፣ ሽቦውን፣ ራዲያተሩን፣ ደብረ ሲናን፣ ሊብሬውን። ሁለት ሻይ ጠጣን። «ነገ በጠዋት መጥተህ በብርዱ አስነሣት፣ እኔ አልነካትም» አልኩት። አመሰገነኝ፣ ስልኬንም ያዘ።

እስካሁን አልደወለም። ቆይ፣ ልሞክራት። ካንዴላ አንድ... ካንዴላ ሁለት...